ጨቅላዋን የገደለች እናት በቀላል እስራት መታለፏ ልክ ነው ወይ? (ክርክር፣ ጅማ)

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው መከራከሪያ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 544 ነው። እናት በምጥ ላይ ሳለች ወይም ምጡ ያስከተለው ሁኔታ ገና ሳይለቃት ጨቅላዋን ብትገድል ቅጣቷ ቀላል እስራት ነው። ይጥበቅ? እንዳለ ይቆይ? ወይስ ይስፋ? ፍርድ ቤት የያዘው ጉዳይ አይነሳ።

መምህር (መንቲና ሰፈር)፦ ይጥበቅ ባይ ነኝ። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። ተራ የሰው ግድያ ግን በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። የአንድ ቀን ልጅ ነፍስ ከአንድ ዓመት ልጅ ነፍስ ታንሳለች? ቁርአን ድህነትን ፈርታችሁ ልጆቻችሁን አትግደሉ ሲል ዕድሜ አልለየም። ሮማውያን እንኳ አባት አዲስ የተወለደ ልጁን ሊጥል ይችል የነበረበትን ልማድ ትተው፣ በንጉሥ ቫለንቲኒያን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ374፣ ጨቅላን መግደል በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርገውታል። አፍ የሌለውን ሕግ ካልጠበቀው ማን ይጠብቀዋል?

ጠበቃ (ሄርማታ)፦ መምህር፣ የነፍሱን እኩልነት ማንም አልካደም። አንቀጹ የሚመዝነው የእናቲቱን ጥፋተኝነት ነው። በሩም ጠባብ ነው። ከዚያ ሁኔታ ውጭ ከሆነች ወደ ተራው የግድያ ድንጋጌ ትሄዳለች። የሚጠቅመው ደግሞ እናቲቱን ብቻ ነው፤ ያገዛት እጮኛ ወይም ያነሳሳት ዘመድ በግድያ ይከሰሳል።

ማጥበቅ ምን እንደሚያመጣ ከእንግሊዝ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1624 በወጣው ሕግ፣ ሳታገባ ወልዳ የልጇን ሞት የደበቀች ሴት ሞቶ መወለዱን በምስክር ካላስረዳች እንደ ነፍሰ ገዳይ ትቆጠር ነበር፤ ቅጣቱ ስቅላት ነው። ጁሪዎች (ከሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱ ሰዎች) ግን ስቅላቱ ስለከበዳቸው ሰበብ እየፈለጉ ይለቁ ጀመር። ሕጉ በ1803 ተሻረ፣ በ1922 ቀለል ያለ የተለየ ወንጀል ተደነገገ፣ በ1938 ደግሞ ጊዜው ልጁ 12 ወር እስኪሞላው ተዘረጋ።

የአስከሬን ምርመራ ሐኪም፦ ስለ ቅጣቱ ከመነጋገራችን በፊት ልጁ በሕይወት ተወልዶ ነበር ወይ? ሞቶ የተወለደ አይገደልም። ብዙ መዝገብ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተለመደው ሳንባን ውሃ ላይ መሞከር ነው። የአየር ቧንቧው ይታሰርና ሳንባዎቹ ከነልቡ ወጥተው ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሳንባ ለብቻው፣ ከዚያ ቁራጮቹ፣ በመጨረሻ ቁራጮቹ ተጨምቀው እንደገና ይሞከራሉ። ያልተነፈሰ ሳንባ ጥቁር ቀይና ጥብቅ ነው፣ ይሰጥማል። የተነፈሰው ሮዝማ ነው፣ ጣት ሲጫነው እንደ ስፖንጅ ይላላል፣ ይንሳፈፋል።

ችግሩ ይሄ ብቻውን ማስረጃ አለመሆኑ ነው። አስከሬን ሲበሰብስ ጋዝ ስለሚፈጠር ያልተነፈሰው ሳንባም ይንሳፈፋል፤ የጅማ እርጥበትና ሙቀት ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ የጉበት ቁራጭ አብሮ ይገባል፤ እሱም ከተንሳፈፈ ምርመራው ዋጋ የለውም። ነፍስ ለመዝራት ሲባል በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚያስገባ ከረጢት) አየር ከተነፋለትም ውጤቱ ያሳስታል። በተቃራኒው ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ለጥቂት ጊዜ በሕይወት ኖሮም ሳንባው ሊሰጥም ይችላል። የተሻለ የሚናገረው ጨጓራ ውስጥ የተገኘ ወተት፣ በእትብቱ ሥር ዙሪያ የሚታይ መቅላት (ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ የሚመጣ ነው) እና የሳንባው ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ተንፍሷል ማለትም ተገድሏል ማለት አይደለም። ድንገት በፈጠነ ምጥ መጸዳጃ ቤት የተወለደ ልጅ ማንም እጁን ሳያነሳበት ሊሞት ይችላል።

የአእምሮ ጤና ባለሙያ (ቆጪ)፦ እኔ ይስፋ እላለሁ። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ እየቀላቀልን ነው። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚፈጸመውን ግድያ አሜሪካዊው ሐኪም ፊሊፕ ሬስኒክ እ.ኤ.አ. በ1970 ለይቶ አሳይቶታል፤ እናቶቹ በአብዛኛው ወጣት፣ ያላገቡ፣ እርግዝናቸውን የደበቁ ናቸው እንጂ አእምሯቸው የታወከ አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ከባድ የአእምሮ ሕመም ግን ከ1000 ወላድ ሴቶች አንዷን ወይም ሁለቷን ያገኛል፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ። እንቅልፍ ጨርሶ ይጠፋል፣ ድምፅ ይሰማታል፣ ልጁ ተለወጠብኝ ወይም ክፉ መንፈስ አለበት ትላለች፤ ጠዋት ደህና ሆና ማታ ይብስባታል። ይሄ በዚያው ቀን ሆስፒታል የሚያስገባ ነው፤ ጠበልም ሆነ ቁርአን ማስቀራት መድኃኒቱን አይተካም፣ ልጁም ብቻውን ከእሷ ጋር አይተውም። በአሥረኛው ቀን የገደለችው ግን «ምጡ ያስከተለው» መባሏ ያከራክራል፤ በአእምሮ መታወክ ምክንያት ኃላፊነት የሚቀርበትን ወይም የሚቀንስበትን አንቀጽ 48 ወይም 49 ላይ መንጠልጠል ይኖርባታል።

መምህር፦ እንግዲያው ራስዎ መለሱልኝ። የመጀመሪያዋ ካልታመመች በምን ምክንያት ይቀልላታል?

ጠበቃ፦ ይህ የክርክሩ ልብ ነው። ሕጉ ሕመም ይረጋገጥ አላለም። ብቻዋን፣ ደም እየፈሰሳት፣ በፍርሃት ያለችን ሴት በደህና ቀን እንዳቀደ ሰው አላያትም።

አዋላጅ (ጊንጆ)፦ መምህር፣ እርስዎ የሚሉት ጥበቃ ከወሊድ በፊት ቢጀምር ይሻላል። አገራችን አራስ ብቻዋን አትተውም፤ እርግዝናዋን የደበቀች የቤት ሠራተኛ ወይም ተማሪ ግን አራስ መሆኗን የሚያውቅ የለም። ብዙዎቹ ሕጉ የሚፈቅድላቸውን አያውቁም። በአንቀጽ 551 የተደፈረች፣ ከዘመድ ያረገዘች፣ ወይም ዕድሜዋ ልጅ ለማሳደግ ያላደረሳት እርግዝናውን በጤና ተቋም ማቋረጥ ትችላለች፤ ለመደፈሯም ቃሏ በቂ ነው፣ የፖሊስ ወረቀት አይጠየቅም። ወልዳ ማሳደግ ለማትችለው ደግሞ ጉዲፈቻ አለ፤ ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው ይሁን፣ ፍርድ ቤት ያጽድቀው።

መምህር፦ መከላከሉን እቀበላለሁ፤ ቅጣቱ ላይ አልተስማማሁም። ወንዱስ የት አለ?

ጠበቃ፦ ካልረዳ ወይም ካላነሳሳ በግድያ አይከሰስም። አስረግዞ መጥፋት በዚህ ሕግ ግድያ አይደለም። እዚህ ላይ ሕጉ ጎዶሎ ነው፣ አልከራከርም።

አዋላጅ፦ ፖሊስ የሆናችሁ ይህን ያዙልኝ። እንዲህ ያለች ሴት ስትገኝ ጣቢያ ሳይሆን መጀመሪያ ጤና ተቋም ትወሰድ። የእንግዴ ልጅ ውስጧ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ደም መፍሰስ አደጋ ነው። ቃሏ ከታከመች በኋላ ይወሰድ።

የአስከሬን ምርመራ ሐኪም፦ የእንግዴ ልጁን አትጣሉት፣ ከአስከሬኑ ጋር ይምጣ። እትብቱን አትቁረጡት፣ አትጠቡት፤ ጫፉ በስለት መቆረጡን ወይም መበጠሱን የምናየው ከእሱ ነው። አስከሬኑ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ፣ በረዶ ግን እንዳይሆን፤ በረዶ የሳንባውን ናሙና ያበላሻል።