«ከኋላው ውሃ ብቻ ነው የሚወጣው» ላልከን ሰውዬ

የከዚራ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንዱ «ለድሬ ባትሪ አይሆናትም፣ የሚያዋጣት የሃይድሮጂን አውቶቡስ ነው፤ ከኋላው የሚጠጣ ውሃ ብቻ ነው የሚወጣው» ብሎ ለጠፈ። ላይኩ ጎርፏል። አቦ! ከሳቢያን ለገሃር በባጃጅ ተጣበን የምንሄድ ሰዎች መሆናችንን ረሳኸው? ሃይድሮጂኑን ማን ያመርተዋል? በየትኛው መብራት?

ደንገጎ፦ «አንዱ» እኔ ነኝ፣ ደፍረህ ስሜን ጥራ። ሃይድሮጂኑ ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ የሚተርፈው ውሃና ሙቀት ነው። 10 ደቂቃ ገደማ ሞልተህ ትወጣለህ። ባትሪ ግን ሰዓታት ያስቆምሃል። የሐረርን መንገድ ታውቀዋለህ፣ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስተህ ከ1,800 በላይ ነው የምትወጣው፤ ያን ሁሉ ሰው ጭነህ በባትሪ ውጣና አሳየኝ።

መጋላ፦ የሚጠጣ ውሃ? ወላሂ ጀሪካኔን አዘጋጅቻለሁ፣ የቱ ፌርማታ ላይ ልሰለፍ?

ፎርማን፦ ቀልዱ ይቆየንና፣ 1 ኪሎ ሃይድሮጂን 9 ሊትር ውሃ ይወጣዋል። አውቶቡሱ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ኪሎ ቢበላ 72 ሊትር መሆኑ ነው፣ ብዙው በእንፋሎት ይሄዳል። ግን ሃይድሮጂኑን ከውሃ በኤሌክትሪክ ስታወጣው ያንኑ 9 ሊትር መጀመሪያ አስገብተህ ነው። ያውም የተጣራ። የድሬ ውሃ ምን እንደሚመስል የማንቆርቆሪያችሁን ውስጥ እዩ።

ደንገጎ፦ 9 ሊትር ብርቅ ሆነብህ? አንድ መኪና አጣቢ በቀን ስንት ይደፋል?

ፎርማን፦ ብርቁ መብራቱ ነው ወዳጄ። 1 ኪሎ ለማምረት ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ጎማው ጋ የሚደርሰው ከሲሶው ብዙም አይበልጥም። ያንኑ መብራት ባትሪ ውስጥ ብትከተው አብዛኛው ይደርስልሃል። የፈረንሳይዋ ሞንፔሊየ 51 የሃይድሮጂን አውቶቡስ ልትገዛ ተነስታ እ.ኤ.አ. በ2022 ትታዋለች። በሃይድሮጂን በኪሎ ሜትር 95 ሳንቲም ዩሮ፣ በባትሪ 15። ስሌታቸው ነው፣ እኔ አልፈጠርኩትም።

ደንገጎ፦ ፈረንሳይ ስለተወችው ድሬም ትተወው? የስኮትላንዷ አበርዲን እ.ኤ.አ. በ2021 ባለፎቅ የሃይድሮጂን አውቶቡስ አሰማርታለች። እሱን ለምን ዘለልከው?

መጋላ፦ አበርዲን የግንቦትን ሙቀት ታውቀዋለች? እኛ እኮ በቀትር ጥላ ፈልገን ነው የምንሄደው።

ፎርማን፦ እሱም አለ። ሃይድሮጂኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ፊውል ሴል ራሱ ብዙ ሙቀት ያወጣል፣ ራዲያተሩ ትልቅ መሆን አለበት፣ በሙቅ አገር ደግሞ ይብሳል። ባትሪም ሙቀት አይወድም፣ አልክድህም። ግን ደንገጎ፣ አንተ የምትለው አውቶቡስም ውስጡ ባትሪ አለው፣ ይሄን ታውቃለህ?

ደንገጎ፦ ትንሽ ባትሪ ነዋ!

የከዚራ ልጅ፦ ሃሃሃ፣ «ለድሬ ባትሪ አይሆናትም» ያለው ማን ነበር? አሁን ትንሽ ትሆናታለች ማለት ነው?

ደንገጎ፦ ቃል አትልቀም። ትልቁን ማለቴ እንደሆነ ገብቶሃል።

ጀጎል፦ እናንተ የድሬ ልጆች ሐረርን የምታነሷት ዳገት ስትፈልጉ ብቻ ነው? የኛን መንገደኛ ማን ጠየቀው?

መጋላ፦ ጀጎል ውስጥ አውቶቡስ የሚያልፍበትን መንገድ አሳየንና እንጠይቅሃለን።

ጀጎል፦ ከግንቡ ውጭ ያለው ከተማ ሐረር አይደለም? ድሬ ትናንት ባቡር ሲመጣ የበቀለች ሰፈር፣ ስለ ከተማ ልታስተምረን!

መጋላ፦ በል በል፣ አሁን ባሰህ። ውሃ ሲጠፋባችሁ ከየት እንደሚሳብላችሁ ላስታውስህ?

ፎርማን፦ ወደ ነገሩ ተመለሱ እንጂ። ካናዳ ውስጥ ዊስለር የምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ለ2010 ኦሎምፒክ 20 የሃይድሮጂን አውቶቡስ አስገብታ ነበር። ሃይድሮጂኑ አገሩን አቋርጦ ከኪቤክ በጭነት መኪና ይመጣላት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2014 አቆመችው። ለኛ ከየት ሊመጣ ነው? ከጅቡቲ በቦቴ?

ደንገጎ፦ ለምን ይመጣል? የአይሻን የንፋስ መብራት ምን በላው? እዚሁ ይመረታል።

የከዚራ ልጅ፦ ባለ ንፋሱ፣ መጀመሪያ ሰፈራችን መብራት ሳይጠፋ ይደር።

ባለባጃጅ፦ ወንድሞች፣ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲባል ባጃጅም ተራው ይደርሳል ብዬ ኤሌክትሪኩን ሳጠያይቅ ከረምኩ። ባትሪው ሲያልቅ የሚቀየርበትን ዋጋ ሰምቼ ዝም አልኩ። እሱን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

መጋላ፦ አንተ መጀመሪያ የሳቢያንን ታሪፍ አስተካክል፣ በማታ እጥፍ የምትጠይቁት በየትኛው ሕግ ነው?

ባለባጃጅ፦ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን ቁምና በሕጉ እንነጋገራለን።