ይህን ያህል ተጫዋች የያዘው ሌስተር ሲቲ እንዴት ወራጅ ቀጠና ውስጥ ገባ?

የፒያሳው ቀበሮ፣ ግንቦት 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

ሌስተር ሲቲ ትናንት ማታ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከኒውካስል ጋር 0 ለ 0 ተለያይቶ ነጥቡን 31 አድርሷል። አንድ ጨዋታ ብቻ ቀርቶታል፤ አሁንም 18ኛ፣ ማለትም ከሚወርዱት ሦስት ቡድኖች አንዱ ነው፤ ከበላዩ ያለው ኤቨርተን ደግሞ 33 ነጥብ ይዟል። እሁድ ግንቦት 20 ከምሽቱ 12:30 ላይ ዌስትሃምን በሜዳው ካላሸነፈ ምንም ዓይነት ስሌት አያድነውም፤ ቢያሸንፍም እንኳ ኤቨርተን ቦርንማውዝን እንዳያሸንፍ መጸለይ ይኖርብናል። ዕጣችን በሌላ ሜዳ የሚወሰንበት ደረጃ ላይ መድረሳችን ስለሚያንገበግበኝ፣ ነገሩን በእርጋታ የሚያስረዳኝ ሰው ፈልጌ ይህን ጽፌያለሁ።

የሚያበሳጨኝ ሽንፈቱ ብቻ አይደለም። ደካማ ቡድን ቢወርድ ያሳዝናል እንጂ አያስገርምም። ይህ ቡድን ግን ማዲሰን፣ ባርንስ፣ ቲለማንስ፣ ንዲዲ፣ ኢሂናቾና ቫርዲ አሉት። በ37 ጨዋታ 49 ግብ አስቆጥሯል፤ ኤቨርተን ያስቆጠረው 33 ብቻ ነው። በአንጻሩ 67 ግብ ተቆጥሮበታል፤ ኅዳር 3 ቀን ዌስትሃምን 2 ለ 0 ካሸነፈ ወዲህ በሊጉ ግብ ሳይቆጠርበት የወጣው ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በግማሽ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን መረቡን ማስከበር ያልቻለ ቡድን፣ ፊት መስመሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ምን ሊሆን ይችላል?

አንዳንዶቹ ጨዋታዎች ከአእምሮዬ አይወጡም። ታኅሣሥ ላይ የሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ገብተን በጊዜ መርተን ሳለ ተከላካያችን ዋውት ፋስ ሁለት ጊዜ በራሱ መረብ ላይ አስቆጠረ። መጋቢት 30 ቀን ማዲሰን ወደ ኋላ ያቀበላት ኳስ ለቦርንማውዙ ፊሊፕ ቢሊንግ ሲሳይ ሆነችለትና በሜዳችን 1 ለ 0 ተሸነፍን። ሚያዝያ 23 ቀን ደግሞ ከዚሁ ከኤቨርተን ጋር 2 ለ 1 እየመራን ከእረፍት በፊት ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን፤ ማዲሰን ወደ መሀል መታው፣ ግብ ጠባቂያቸው ፒክፎርድ ከቦታው ሳይነቃነቅ መለሰው፣ ጨዋታውም 2 ለ 2 አለቀ። ያንን ጨዋታ አሸንፈን ቢሆን ዛሬ እኛ 33፣ እነርሱ 32 ነበርን።

ይህን ክለብ የያዝኩት እ.ኤ.አ. በ2016 ዋንጫውን ሲያነሳ ነው። ሁሉም አርሰናል ወይም ማንቸስተር በሚልበት የሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ፣ አወራራጆች 5000 ለ 1 የሰጡት ቡድን ሻምፒዮን መሆኑ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ ዛሬም ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ የልቤ ነው። ቡድኑን እዚህ ያደረሰው ብሬንዳን ሮጀርስ እስከ መጋቢት 24 ድረስ በአሰልጣኝነት መቆየቱ ነው ወይስ ችግሩ ካለፈው ክረምት የጀመረ ነው? አሁን ያለው አሰልጣኝ ዲን ስሚዝስ ትናንት ማዲሰንንና ባርንስን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ማስቀመጡ ትክክል ነበር ትላላችሁ?

የጉዲሰን ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። የኤቨርተን ደጋፊ ነኝ፤ እሁድ ዕለት የእርስዎ መዳን የእኔ መውረድ ሊሆን ይችላል፤ ይህን በግልጽ አስቀምጬ ልጀምር። ቢሆንም ጥያቄዎ የሁላችንም ጥያቄ ስለሆነ በቅንነት እመልሳለሁ። በእኔ እምነት ልዩነቱን የፈጠረው ጊዜ ነው።

ኤቨርተን ፍራንክ ላምፓርድን ያሰናበተው በጥር ወር፣ 20 ጨዋታ ተጫውቶ 15 ነጥብ ብቻ በያዘበት ሰዓት ነው። ሾን ዳይች 18 ጨዋታ ተሰጠው። ተአምር አልሠራም፤ በ17 ጨዋታ የሰበሰበው 18 ነጥብ ነው። ሆኖም በመጀመሪያ ጨዋታው የሊጉ መሪ የነበረውን አርሰናልን 1 ለ 0 አሸነፈ፤ ከዚያም በኋላ ተጫዋቾቹ በአንድ መንገድ መከላከልን እንዲለምዱ የሚያደርግበት በቂ ሳምንታት ነበሩት። እናንተ ግን ሮጀርስን ስታሰናብቱ 28 ጨዋታ አልቆ ነበር፤ 25 ነጥብ ይዛችሁ 19ኛ ነበራችሁ። ከዚያም የባሰው መጣ፤ አዲስ አሰልጣኝ ሳይሾም አስቶን ቪላንና ቦርንማውዝን በሜዳችሁ በጊዜያዊ አሰልጣኞች ገጥማችሁ ሁለቱንም ተሸነፋችሁ፤ ዲን ስሚዝም የመጀመሪያ ጨዋታውን ኢትሃድ ላይ ከማንቸስተር ሲቲ ጋር እንዲጀምር ተገደደ። ሮጀርስ ከሄደ ወዲህ በ9 ጨዋታ ያገኛችሁት 6 ነጥብ ነው። ስሚዝን በዚህ መውቀስ አልችልም፤ ያለቀ ነገር ነው የተሰጠው።

እኛም ብንሆን ተደላድለን አልተቀመጥንም። ቅዳሜ ዕለት በወልቭስ ሜዳ ዬሪ ሚና በባከነው ሰዓት ዘጠነኛ ደቂቃ ላይ ያስቆጠራት የአቻነት ግብ ባትኖር ኖሮ ዛሬ 32 ነጥብ ላይ ነበርን፤ ይህም ማለት እኛ ከተሸነፍን እናንተን አቻ መውጣት እንኳ በግብ ልዩነት ያድናችሁ ነበር። ካልቨርት ሉዊን በዚያው ጨዋታ ተጎድቶ ወጥቷል። የፊት መስመሩን የሚሸፍነው ምናልባት ዴማሬ ግሬይ ይሆናል፤ እርሱም በ2016 ከእናንተ ጋር ዋንጫ ያነሳ ልጅ ነው።

ማስታወሻ ያዥ

ከላይ በተሰጠው አስተያየት በከፊል ብቻ እስማማለሁ። የሮጀርስ መዘግየት በሽታውን አባባሰው እንጂ አላመጣውም። በሽታው የገባው ባለፈው ክረምት በዝውውር መስኮቱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ክለቡ በ2020 እና በ2021 በተከታታይ 5ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በ2021 ቼልሲን በቲለማንስ ግብ 1 ለ 0 አሸንፎ የኤፍኤ ዋንጫን ወሰደ። የተጫዋቾቹ ደመወዝ ሻምፒዮንስ ሊግ እንደሚጫወት ቡድን አደገ፤ ሻምፒዮንስ ሊግ ግን ሁለቱንም ጊዜ በጥቂት ነጥብ አመለጠ። የባለቤቶቹ ኩባንያ ኪንግ ፓወር ዋና ሥራው በአውሮፕላን ማረፊያዎች ያሉ ከቀረጥ ነፃ ሱቆች ስለሆኑ፣ በኮቪድ ዘመን በረራ ሲቆም ገቢው ክፉኛ ተመታ። ክለቡ ለ2021/22 የውድድር ዓመት ያስታወቀው ኪሳራ 92.5 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። በዚህ ምክንያት ሌሎች ክለቦች በገፍ ሲገዙ ሌስተር እጁን አጣጥፎ ከረመ።

ከዚያ ካስፐር ሽማይክል ወደ ኒስ ሄደ። ለእኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የሄደው ግብ ጠባቂ ብቻ ሳይሆን አምበሉ፣ ተከላካዮቹን በጩኸት የሚያሰልፈው፣ የ2016ቱን መንፈስ የያዘው ሰው ነበር፤ በምትኩ ለዋናው ቦታ የተገዛ ሰው የለም። ለዓመታት ተጠባባቂ የነበረው ዳኒ ዋርድ ገባ፤ እርሱም ሲዋዥቅ ቆይቶ ዓመቱ ሳያልቅ ቦታውን ለዳንኤል ኢቨርሰን ለቀቀ። ወጣቱ ተከላካይ ፎፋና በ70 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወደ ቼልሲ ተሸጠ፤ ፋስ ከሬምስ የመጣው መስኮቱ ሊዘጋ ሲል ነው። ጆኒ ኢቫንስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጉዳት አሳለፈ። ከመጀመሪያዎቹ 7 ጨዋታዎች የተገኘው 1 ነጥብ ብቻ መሆኑ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሊያስደንቀን አይገባም።

ሌላም አለ። ቲለማንስና ሶዩንቹ ውላቸው በዚህ ክረምት ያልቃል፤ ክለቡ በጊዜ ሳይሸጣቸው ወይም ውላቸውን ሳያድስ ቀረ። ነገ የት እንደሚሆን የማያውቅ ተጫዋች ሆን ብሎ አይለግምም፤ ነገር ግን ላለመውረድ የሚደረግ ትግል ከሰው ሁሉ ነገሩን ይጠይቃል፤ ልቡ የተከፈለ ሰው የበዛበት የልብስ መቀየሪያ ክፍል ደግሞ ይህን መስጠት ይከብደዋል። የጥሩ ተጫዋቾችን ስም መቁጠር ያሳሳተንም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የድሮ ጨዋታ ወዳጅ

ስም ማንንም እንዳላዳነ ዌስትሃም ራሱ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002/03 ጆ ኮል፣ ካሪክ፣ ዲፎ፣ ዲ ካኒዮ፣ ካኑቴና ግብ ጠባቂው ዴቪድ ጀምስ እያሉለት በ42 ነጥብ ወርዷል። የቀድሞ የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮንም ከመውረድ አያመልጥም፤ በ1995 ዋንጫ የወሰደው ብላክበርን በ1999 ወርዷል።

ሆኖም ለጉዲሰን ልጅ ሐሳብ የሚደግፍ አንድ ነገር ከሌስተር ከራሱ ታሪክ ልጨምር። ዋንጫውን ያመጣው ክላውዲዮ ራኒየሪ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ በየካቲት 2017፣ ክለቡ ከወራጅ ቀጠናው በአንድ ነጥብ ብቻ ከፍ ብሎ ሳለ ተሰናብቷል። ዓለም ሁሉ አዘነለት፤ እኔም አዝኛለሁ። ነገር ግን 13 ጨዋታ ቀርቶ ስለነበር ተተኪው ክሬግ ሼክስፒር በሊጉ አምስት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ቡድኑን 12ኛ አድርጎ ጨረሰ። ለራኒየሪ ያልራራ ክለብ ለሮጀርስ ይህን ያህል መታገሱ ሊገባኝ አልቻለም። በየካቲት ወር ቪላንና ቶተንሃምን በተከታታይ አራት አራት ግብ ሲያገባባቸው ሁሉም ሰው ችግሩ የተፈታ መሰለው፤ ከዚያ አራት የሊግ ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። መወሰን የነበረበት ያኔ ነው።

ስለ ትናንቱ አሰላለፍ ግን ስሚዝን እደግፋለሁ። ፉልሃም አምስት፣ ሊቨርፑል ሦስት ካገቡበት በኋላ ኒውካስል ሜዳ ላይ ተከፍቶ መጫወት ራስን መስጠት ነበር።

ነዋሪነቴ ሊድስ

እኔ የምኖረው ሊድስ ከተማ ነው፤ ቡድናችንም እንደ እናንተው 31 ነጥብ ይዞ በግብ ልዩነት ከእናንተ በታች ተቀምጧል። አሰልጣኝ መቀየር ብቻውን መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እኛ ዛሬ በሰላም በተኛን ነበር። ጄሲ ማርሽ በየካቲት መጀመሪያ ከሄደ በኋላ ቦታው ለሁለት ሳምንት ያህል ያለ ቋሚ ሰው ቆየ፤ ሃቪ ግራሲያ መጣ፤ እርሱም ተሰናብቶ ለመጨረሻዎቹ አራት ጨዋታዎች ሳም አላርዳይስ ተቀጠረ፤ እርሱም በሦስት ጨዋታ አንድ ነጥብ ብቻ አግኝቷል። እሁድ ቶተንሃምን እንገጥማለን።

በዚህ ከተማ ሰዎች በአውቶቡስ ውስጥ ስለዚሁ ያወራሉ፤ የሥራ ባልደረቦቼ የሚፈሩት ደረጃውን ብቻ አይደለም። የቴሌቪዥኑ ገቢ ሲቀንስ ከክለቡ ሠራተኞች መካከል የሚቀነሱ እንዳሉ ያውቃሉ። ከሩቅ ሆነን ስንከታተል ይህን አንረሳ እላለሁ። ለእርስዎም ብርታቱን እመኛለሁ።

የፒያሳው ቀበሮ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የማስታወሻ ያዥ ስለ ሽማይክል የጻፉት አሳምኖኛል፤ አንፊልድ ላይ ፋስ ሁለቱን ኳሶች በራሱ ላይ ሲያገባ ከኋላው የሚጮህለት ሰው አለመኖሩን አሁን ሳስበው ይታየኛል። የጉዲሰን ልጅ ያሰሉት የነጥብ ስሌትም ትክክል ነው።

በአንድ ነገር ግን ከድሮ ጨዋታ ወዳጅ ጋር አልስማማም። ትናንት የኤቨርተን አቻ መውጣት ይታወቅ ነበር፤ ቅዳሜ አልቋል። ኒውካስልን አሸንፈን ቢሆን ኖሮ እኛም 33 ላይ ሆነን በግብ ልዩነት ከኤቨርተን በላይ እንቀመጥ ነበር፤ እሁድም የሌላ ሜዳ ውጤት ሳንጠብቅ በእጃችን ያለውን ብቻ እንጫወት ነበር። የእኛ የግብ ዕዳ 18 ሲሆን የእነርሱ 24 ነው። ለአንድ ነጥብ ብለን ያለ ማዲሰንና ያለ ባርንስ መግባታችን ይህን ዕድል አሳጥቶናል። ባርንስ እኮ በዚህ ዓመት በሊጉ ከቡድኑ ሁሉ የበለጠ ግብ ያስቆጠረ ሰው ነው።

ለእሁድ የምመኘው አሰላለፍ ግልጽ ነው፤ ኢቨርሰን ግብ ላይ ይቆይ፣ ማዲሰንና ባርንስ ከመጀመሪያው ደቂቃ ይግቡ፣ ኢሂናቾ ከፊት ይሰለፍ፣ ቫርዲ ደግሞ ዌስትሃሞች ሲደክሙ ይግባ። ዌስትሃም በ40 ነጥብ በሊጉ መቆየቱን አረጋግጦ ሐሳቡ ግንቦት 30 ከፊዮረንቲና ጋር ፕራግ ላይ በሚያደርገው የኮንፈረንስ ሊግ ፍጻሜ ላይ ነው፤ ስለዚህ ማሸነፍ እንችላለን ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 በሊጉ ግርጌ ተቀምጠን ሳለ ያ ከመውረድ ያዳነን ጉዞ የጀመረው በዚሁ ሜዳ፣ ይህንኑ ዌስትሃምን 2 ለ 1 ባሸነፍንበት ጨዋታ ነበር። ቦርንማውዝ ጉዲሰን ፓርክ ላይ ምን ይዞ እንደሚገባ ግን የጉዲሰን ልጅ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ 39 ነጥብ ይዞ ከአደጋው ወጥቷልና፣ ተጫዋቾቹ በሙሉ ልባቸው ይጫወታሉ ብለው ያስባሉ?