የአያቴን ጎራዴ ለንደን ላለው ወንድሜ ይዤለት ልሂድ?

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አያታችን ያወረሱን ጎራዴ አለ፤ የአፎቱ ቆዳ ተሰነጣጥቋል፣ እጀታው ጥቁር ቀንድ ነው። ለንደን የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ሳሎኑ ውስጥ ሊሰቅለው ይፈልጋል። በሚቀጥለው ወር ልጠይቀው እሄዳለሁ። ከኪሴ የማትለይ ሰንጢም አለችኝ። ሕጉን የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ (ለንደን የኖረች)፦
ወንድሜ፣ ብዙ ሰው የሚያዘው በትንሿ ነውና ከሰንጢዋ ልጀምር። እንግሊዝ አገር ያለ በቂ ምክንያት ስለት ይዞ አደባባይ መገኘት እስከ 4 ዓመት ያሳስራል። ምክንያት የማይጠየቅባት ታጣፊ፣ ስለቷ ከ7.62 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠና ስትዘረጋ የማትቆለፍ ሰንጢ ብቻ ናት። «ራሴን ልከላከልበት ነው» ብትል ነገሩን ታከብደዋለህ እንጂ አትድንም። ቁልፏ ሲጫኑት ስለቷ የምትፈናጠር ከሆነች ደግሞ ቤት ማስቀመጧም ወንጀል ነው።

ቆልማማ ጎራዴ ስለቱ 50 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ማስገባትም ቤት ማኖርም ክልክል ነው። ከ100 ዓመት በላይ የቆየ፣ እ.ኤ.አ. ከ1954 በፊት የተሠራ ወይም በባህላዊ መንገድ በእጅ የተቀጠቀጠ ከሆነ ግን ይተርፋል። ያንን ማስረዳት ያለበት ባለቤቱ ነው።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። አሁን በሜትር ለካሁት፤ ስለቱ 81 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ቆልማማም ነው። አያቴ በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ሲዘምቱ ከአባታቸው የተቀበሉት ነው።

መልስ (በአሮጌ ዕቃ ንግድ የቆየ)፦
እንግዲህ ለንደን ላይ የሚያድነው ዕድሜው እዚህ ያስቀረዋል። ቅርስ ነው ከተባለ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ቅርስ ባለሥልጣን ሂድና ጠይቅ። ጎራዴውን ተሸክመህ ከተማ አታቋርጥ፤ መጀመሪያ የስለቱን፣ የእጀታውንና የአፎቱን ፎቶግራፍ አንስተህ ውሰድ። ሻንጣ ውስጥ ሸሽገህ ቦሌ ላይ ከመያዝ ይሰውርህ። እኔ ብሆን ቤተሰቡ ጋ አስቀረዋለሁ፤ የማይጨው ጎራዴ በቀላሉ የሚሸኝ ዕቃ አይደለም።

መልስ (ሌላ አባል)፦
እጀታውንም አስመርምረው። የድሮ ጎራዴ እጀታ ብዙ ጊዜ ከአውራሪስ ቀንድ ይሠራ ነበር። እሱ ከሆነ በዱር እንስሳት ዝውውር ስምምነት ምክንያት ለብቻው ፈቃድ ይጠየቅበታል፤ እዚህም እዚያም።

ጠያቂው፦
ሰንጢዋን እዚሁ እተዋታለሁ። ሰኞ ጠዋት ፎቶግራፎቹን ይዤ አምስት ኪሎ እሄዳለሁ፤ የነገሩኝን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ። ወንድሜ ማታ ደውሎ «ፎቶግራፉን በትልቁ አሳትመህ አምጣልኝ፣ እሱን እሰቅላለሁ» ብሎኛል።