የእናቴ ስኳር 58 ገባ፤ እንክብሉን ልቀንስላት?

የሆጤዋ፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። እናቴ "ለስኳር ፍቱን፣ ከዕፅዋት ብቻ፣ ጉዳት የሌለው" የሚል እንክብል ጀምራለች። ዛሬ ጠዋት ላብ በላብ ሆነች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ስንለካት 58! በደንብ ስለሠራላት ነው መሰለኝ። በግማሽ ልቀንስላት?

ከድር፦ አብሽሪ እህቴ። ለስኳር በሽታ ዋናው አመጋገብ ነው። ለስላሳ ይቅር፣ እንጀራው ይቀነስ፣ ማታ ማታ በእግር ይኬድ። እኛ ወሎዬዎች ቡናውን በስኳር...

ቧንቧ ውሃ፦ ከድር፣ እናታችን እየተንቀጠቀጡ ነው። የእግር ጉዞው ሌላ ቀን ይሁን።

ነርስ ከኮምቦልቻ፦ ከ70 በታች ማለት ወርዷል ማለት ነው። ነቅተው መዋጥ ከቻሉ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ አሁኑኑ አጠጪያቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኪ። ካልወጣ ድገሚ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም እንዳትሰጪ፣ ሆስፒታል ውሰጃቸው። የሐኪም መድኃኒትስ አላቸው?

የሆጤዋ፦ ሜትፎርሚን። እሱንም አላቋረጠችም።

የሰኞ ገበያዋ፦ አብሽ ዘፍዝፈሽ በባዶ ሆድ ስጫት። አክስቴን ጠቅሟታል።

ቧንቧ ውሃ፦ ስኳር ለወረደባት ሰው አብሽ? አብሽ ብቻውን ቢያድን ወሎ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው ባልተገኘ!

ፋርማሲስት፦ እህቴ፣ በደንብ ሠራ ብለሽ አትይው። መጠን የሚቀነሰው ውስጡ ያለው ሲታወቅ ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን እንዲህ የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ "የቻይና ዕፅዋት" ተብለው የሚሸጡ የስኳር እንክብሎች ተመርምረው ግሊቤንክላሚድና ፌንፎርሚን ተገኘባቸው። ሁለቱም ስኳር የሚያወርዱ የፋብሪካ መድኃኒቶች ናቸው። ፌንፎርሚን እንዲያውም በጉዳቱ የተነሳ ቀድሞ የታገደ ነበር። የእናትሽም ይኸው ነው አልልም፤ ሳይመረመር አይታወቅም። ግሊቤንክላሚድ ከሆነ ግን ለሰዓታት ይቆያል፣ ስኳሩ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ቢሻላቸውም ሆስፒታል ይታዩ። እንክብሉን ከነዕቃው ያዢ፣ ለሐኪሙ አሳዪ። ሜትፎርሚኑንም እንዴት እንደሚቀጥሉ እሱ ይንገርሽ።

ከድር፦ ስኳር በጥብጠሽ አጠጫት። ማርም ይሆናል።

ቧንቧ ውሃ፦ እሱማ ተነግሯታል።

የሆጤዋ፦ 74 ሆነች። ላቡ ቆሟል። የሸጠልን ሰውዬ ደውዬለት "መርዙ እየወጣ ነው፣ እንዳታቋርጪ" አለኝ።

ነርስ ከኮምቦልቻ፦ እሱን አትስሚ! ስኳር ሲወርድ አንጎል ይጎዳል፣ መርዝ አይወጣም። እንክብሉን አቁሚ። አሁን ትንሽ ቂጣ ወይም ዳቦ ይብሉ፣ ከዚያ ባጃጅ ጥሪና ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

የሰኞ ገበያዋ፦ እህቴ የእንክብሉን ስም ጻፊልን። ጎረቤቴም እንዲህ ያለ ገዝታለች።