ጨረታ ላይ የወጣ «ኦራል»፦ ቤንዚን ነው ናፍጣ?

ባለቦቴው፦
ሰላም ቤተሰብ። ለውሃ ቦቴ የሚሆን ሻንሲ እየፈለግኩ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ የቆሙ የድሮ የጦር መኪኖች ለጨረታ ወጥተዋል። ወረቀቱ ላይ ሁሉም «ኦራል» (የሶቪየት የጭነት መኪና) ነው የሚለው። ሞዴል የለም፣ የነዳጅ ዓይነት የለም። ሄጄ አየኋቸው። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ አንዱ አነስ ይላል። ባትሪ የላቸውም፣ ማስነሳትም አይፈቀድም። ኮፈን ግን ይከፈታል። ናፍጣውን በምን ልለይ? ለዓመታት የቆመ መኪናስ ምኑ ይታያል?

ስፔር ተራ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቀረጥ የተከፈለባቸው መሆኑን ጠይቅ። ርካሽ መስሎህ ገብተህ ጉድ እንዳትሆን። የሞተሩን ነገር የሚያውቁ ይመልሱልሃል።

ጡረተኛው መካኒክ፦
አነስ ያለው ዚል 131፣ ሌላ የሶቪየት መኪና፣ ይመስለኛል። ጎማው ካልተቀየረ ጎኑ ላይ የተጻፈውን መጠን አንብብ። 12.00-20 ካለ ዚል ነው፤ ኦራል 14.00-20 ነው የሚጫማው። ዚል ቤንዚን ነው። እለፈው።

እኔ ኦራልን ያወቅኩት በ1970 ዓ.ም. አካባቢ፣ የሶቪየት መሣሪያ ሲጎርፍ ነው። ወጣትነቴ ምሥራቅ ግንባር እነሱ ሥር ተንጋልዬ አለቀ ብል ውሸት አይሆንም። ያኔ እጃችን ላይ የነበረው 375 የሚባለው ሞዴል ነው። ባለ 7 ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ 180 ፈረስ ጉልበት፣ በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር ገደማ ይጠጣል። መንግሥት ሲቀዳለት ግሩም መኪና ነው። ከኪስህ ስትቀዳለት ቤትህን ያስሸጥሃል።

አንተ የምትፈልገው 4320 የሚባለውን ኦራል ነው። ሩሲያ ውስጥ ሚያስ ከተማ ያለው የኦራል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የካማዝ 740 ናፍጣ ሞተር ገጥሞ ያወጣው ነው፣ 210 ፈረስ። የፊቱ ፍርግርግ ወደፊት ገፋ ይላል። የ375 ግን ከፓራፋንጎው ብዙም አያልፍም። ሆኖም አፍንጫ አይተህ አትመን። ቤንዚኑ ወጥቶ ናፍጣ የተገጠመባቸው 375ዎች አሉ።

ኮፈኑን ክፈት። ካማዝ 740 ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ቴስታታ (የላይ ክዳን) አለው፤ በግራ አራት፣ በቀኝ አራት ክዳን ትቆጥራለህ። የናፍጣ ፓምፑ መሃል ላይ፣ በሁለቱ ረድፍ መካከል ተቀምጧል። ካርቡራተርና ካንዴላ ካየህ ቤንዚን ነው፤ ክደነውና ሂድ። ቀጥለህ የመብራት አምፖል ነቅለህ አንብብ። 375 በ12 ቮልት ነው የሚሠራው፣ 4320 በ24። ባትሪ ይሰረቃል፣ አምፖል ማን ይነካዋል! የፋብሪካ ሰሌዳዋንም ፈልግ። ሩሲያኛ ባታነብም ቁጥሩ ያው ቁጥር ነው። ከሻንሲውና ከሊብሬው ጋር አመሳክረው።

የቆመ መኪና ላይ እኔ ከሞተሩ ይልቅ ፍሬኑን ነው የምፈራው። የኦራል ፍሬን የንፋስ ብቻ አይደለም። ንፋሱ የፍሬን ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ደግሞ ጎማው ጋ ያለውን ሲሊንደር። ሲቆም ጎሚኒው (ዘይቱን የሚይዘው የላስቲክ ማሸጊያ) ይደርቃል፣ ፒስተኑ ይዝጋል። ጎንበስ ብለህ የጎማዎቹን ውስጠኛ ጎን እይ። እርጥብ መስመር ካለ በጣትህ ነክተህ አሽትት። ወፍራምና የሚገማ ከሆነ የዲፈረንሻል ዘይት ነው፤ ቀጠን ካለ ፍሬኑ ነው።

ከፈቀዱልህ የሦስቱንም ዲፈረንሻል የታች ብሎን ላላ አድርግ። እንዳትነቅለው፣ ጠብ እስኪል ብቻ። ውሃ ገብቶ ከሆነ ከዘይቱ ሥር ስለሚተኛ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው።

ባለቦቴው፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! አንዱ ላይ ስምንቱንም ክዳን ቆጠርኩ፣ አምፖሉም 24 ይላል። ከጎማዎቹ መሃል ግን መዝጊያ ያላት ቀጭን ቱቦ ትወጣለች። አብሮኝ የሄደው ልጅ «ትርፍ ናት፣ ትቆረጥ» አለኝ።

ጡረተኛው መካኒክ፦
እንዳያስነካት! ሾፌሩ ካቢና ውስጥ ቁጭ ብሎ የጎማ ንፋስ የሚጨምረውና የሚቀንሰው በእሷ ነው። አሸዋና ጭቃ ላይ እስከ 0.5 ባር ታወርደዋለህ፤ ያኔ ቀስ ብለህ ትነዳለህ። ማታ ስታቆም የእያንዳንዱን ጎማ መዝጊያ ዝጋ። መስመሩ ላይ የሆነ ቦታ ቢያፈስ ጎማህ ሳይተነፍስ ያድራል።

ካሸነፍክ ደግሞ በሌላ መኪና አስጎትተህ ላስነሳ እንዳትል። የቆየውን ናፍጣ ከታንከሩ ድፋ፣ ፊልትሮውን ቀይር፣ ሞተሩ መዞሩን በእጅህ አረጋግጥ፣ ከዚያ ባትሪ። ዋጋህን ግን እዚህ እንዳትጽፍ፣ ተጫራቾቹም ያነባሉ።