በሳንሉካር ደ ባራሜዳ ከታፓስ ጋር የትኛውን ሼሪ እንዘዝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በመጪው መስከረም ከባለቤቴ ጋር ከሴቪያ ተነስተን በደቡብ ስፔን የባሕር ዳርቻ ወደምትገኘው ሳንሉካር ደ ባራሜዳ ለመሄድ አስበናል። ከሼሪ ወይን ጠጅ የቀመስነው ጣፋጩን ብቻ ስለሆነ፣ ታፓስ ከሚባሉት የስፔን ትናንሽ ምግቦች ጋር የትኛው እንደሚስማማ የምታውቁ ብትነግሩን እናመሰግናለን።

መልስ 1፦ ማንዛኒያን ሳትቀምሱ አትመለሱ። ፓሎሚኖ ከሚባለው ነጭ የወይን ፍሬ የሚጠመቅ፣ ጣፋጭነት የሌለው፣ የአልኮል መጠኑ 15 በመቶ ገደማ የሆነ ሼሪ ሲሆን፣ በዚህ ስም ለመጠራት እዚያው ሳንሉካር ውስጥ መቆየት አለበት። በርሜሉ እስከ አፉ ስለማይሞላ፣ በወይኑ ላይ ፍሎር የሚባል የእርሾ ሽፋን ተዘርግቶ ከአየር ይከላከልለታል፤ ከባሕሩና ከጓዳልኪቪር ወንዝ የሚነሳው እርጥብ ነፋስም ሽፋኑ እንዳይሳሳ ይረዳል። በደንብ ቀዝቅዞ ይቅረብላችሁ፤ ሞቅ ካለ ለዛው ይጠፋል።

መልስ 2፦ በማንዛኒያው እስማማለሁ። ከምግቡ ደግሞ በፕላሳ ዴል ካቢልዶ አደባባይ ዙሪያ ካሉት ምግብ ቤቶች ቶርቲዪታ ደ ካማሮኔስን እዘዙ፤ ጥቃቅን ሽሪምፖች ከነቅርፊታቸው በስንዴና በሽምብራ ዱቄት ሊጥ ተለውሰው በዘይት የሚጠበሱበት፣ ጠርዙ እንደ ዳንቴል የሳሳ ስስ ቂጣ ነው። ትኩስ ሳለ ካልተበላ ይለሰልሳልና፣ ሁለት ሁለት እያላችሁ ማዘዙ ይሻላል። ከተማዋ የምትታወቅበትን ትልቁን ሽሪምፕ ግን ባሆ ደ ጊያ ወደሚባለው የወንዝ ዳር ሰፈር ወርዳችሁ፣ ከወንዙ ማዶ የዶኛናን ፓርክ እያያችሁ ብሉ፤ ብዙ ጊዜ በክብደት ስለሚሸጥ ዋጋውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መልስ 3፦ ባለቤትዎ ጣፋጩን የሚመርጡ ከሆነ፣ ፔድሮ ሂሜኔዝ የሚባለውን ጣፋጭ ሼሪ ከምግብ በኋላ ይዘዙላቸው እንጂ ከዓሣ ጋር አይሄድም።