ላቨንሃም ያየነው ቤት፣ ፈቃድ የሌለው ኩሽና

ጠያቂዋ (ለንደን)
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ከተማ ሥራ አግኝቷል። እዚያው ሳፎክ በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ ውስጥ ላቨንሃም የምትባል መንደር አንድ ቤት አየንና ልባችን እዚያው ቀረ። ዋጋው 425,000 ፓውንድ ነው። አሮጊትና ሽማግሌ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ቤት ነው፤ የእንጨት ደረጃው በሰም ተወልውሏል፣ ጓሮው ውስጥ ፖም አለ። ግን ግሬድ ቱ ተብሎ የተመዘገበ ቅርስ ነው፣ ለመቀየር የካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከኋላ የተቀጠለው ኩሽና ደግሞ የፈቃድ ወረቀት የለውም። ኤጀንቱ «ከተሠራ 30 ዓመት አልፎታል፣ ማንም አይጠይቅም» ይላል። ኦፈር (የመግዣ ዋጋ) እናቅርብ ወይስ እንተወው?

ግንበኛው (ኢፕስዊች)
እህቴ፣ ኤጀንቱ የሚሠራው ለሻጩ ነው። ተራ ቤት ቢሆን ዓመት ሲቆጠር ነገሩ ይረሳል። ቅርስ ቤት ላይ ግን የጊዜ ገደብ የለም። ካውንስሉ «አፍርሱት» ካለ የሚያፈርሰው ያኔ ባለቤት የሆነው ሰው ነው። አጥፊው ሻጩ ቢሆንም ወጪው ያንቺ ነው። ሶሊሲተርሽ (ግዢውን የሚያስፈጽምልሽ ጠበቃ) ሻጩ የኢንደምኒቲ ኢንሹራንስ፣ ማለትም ካውንስሉ ቢመጣብሽ ኪሳራሽን የሚሸፍን ዋስትና፣ እንዲገዛልሽ ይጠይቅ። ከዚያ በፊት ግን ካውንስል እንዳትደውዪ! ከደወልሽ ኢንሹራንሱን የሚሰጥሽ አታገኚም።

ሌላው ግድግዳው ነው። የዚያ መንደር አሮጌ ቤት እኛ አገር እንዳለው ጭቃ ቤት ነው፤ እንጨት ተዋቅሮ፣ መሀሉ በጭቃና በጭድ ተመርጎ፣ ላዩ ኖራ ተቀብቷል። አንዱ በሲሚንቶ ለስኖት ከሆነ እርጥበቱ መውጫ ያጣና እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። ሌቭል 3 ሰርቬይ፣ ማለትም ጥልቅ የሆነውን የቤት ምርመራ፣ አሠሪ። በርካሹ እንዳትሸወጂ።

እማማ (ኖርዊች)
ልጄ፣ ላቨንሃምን አውቃታለሁ። በሱፍ ጨርቅ የከበረች ከተማ ነበረች፤ ንግዱ ሲሞት አፍርሶ የሚሠራ ገንዘብ ጠፋና ቤቶቹ እንዳሉ ቀሩ። ውበቷ አያጠያይቅም። ግን ባቡር የላትም፤ ጣቢያው ለመንገደኛ የተዘጋው በፈረንጆቹ 1961 ነው። እናትሽ ሊጠይቁሽ ቢመጡ ባቡር ጣቢያ ያላት ሰድበሪ ድረስ ሄደሽ ነው የምትቀበያቸው። ጥምቀትን የት ታከብሪያለሽ? ቡና አፍልተሽ ማንን ትጠሪያለሽ? እኔ መጀመሪያ ገጠር ስገባ ያንገበገበኝ ብርዱ ሳይሆን ይሄ ነው።

ጠያቂዋ
እማማ፣ እሱን እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ደግሞ ወንድሜ አዲስ አበባ ያለውን የአባታችንን ቤት በስሜ አዙሬ እንዳድሰው እየለመነኝ ነው። ሁለቱን አልችልም።

ሊድስ
የአገርሽን አስቀድሚ! የብር ምንዛሬ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ፓውንድሽ እዚያ ትልቅ ገንዘብ ነው። የእንግሊዝ ፓስፖርት ብትይዢም ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) ካለሽ በስምሽ ቤት መያዝ ትችያለሽ፤ አዋጅ 270/1994 ይፈቅዳል። ለእንግሊዝ ጭቃ 425,000 ከመክፈል ያባትሽን ቤት አድኚ።

ግንበኛው
ወንድሜ፣ ኑሮዋ እዚህ ነው። ደግሞ በስሟ ቢዞር ምን እንደሚያስከፍላት ንገራት እንጂ! የትም አገር ቤት ያልነበረው ገዢ እዚህ እስከ 300,000 ድረስ ስታምፕ ዲዩቲ (የቤት ግዢ ታክስ) አይከፍልም። ላቨንሃም ላይ 6,250 ነው የሚደርስባት። አዲስ አበባ ቤት በስሟ ካለ ግን መደበኛው 11,250 ይሆናል። የአገር ቤቱ ድርሻዋ 40,000 ፓውንድ ከሞላ ደግሞ ሌላ የዋጋው 5 በመቶ፣ ማለትም 21,250 ይጨመርባታል።

ሊድስ
እሱንና የአገራችንን ውርስ ምን አገናኘው? የእንግሊዝ ታክስ አዲስ አበባ ድረስ አይሄድም።

ግንበኛው
ይሄዳል። ሕጉ የሚቆጥረው በዓለም ላይ ያለሽን ቤት ሁሉ ነው። በውርስ የመጣም ይቆጠራል። ሰው የሚያስቀጣ ነገር አትጻፍ።

ሊድስ
እኔ ያልኩት ወንድምን መርዳት ነው። አንተ ሁሉን ነገር በታክስ ነው የምትለካው።

እማማ
ኧረ ተዉ ልጆች! ወንድምየውን ለማሳደሻ ገንዘብ ልካ መርዳት ትችላለች፣ ስሟ የግድ አይገባም። ልጄ፣ አባትሽ ካረፉ ድርሻሽ ቀድሞውኑ አንቺ ጋ ደርሶ ይሆናል፤ ይህንንም ለሶሊሲተሯ ንገሪያት።

ጠያቂዋ
አባቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። ውርሱን ፍርድ ቤት ገና አላጣራንም። ይሄ እንደ ባለቤት ያስቆጥረኛል? ሰኞ ከሶሊሲተሯ ጋር ቀጠሮ አለኝ። የኩሽናውን ኢንሹራንስም እጠይቃታለሁ።

ሊድስ
ካልተጣራ የማንም አይደለም።

ግንበኛው
እንደዚያ ብለህ አትወስን። ሶሊሲተሯ ትመልስ።